ግራው በኩል ያለው ድምፅ

ሱዋ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1981

ይድረስ ለወንድሜ ለሾሄይ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ በረዶው ጣራው ላይ ተጋድሞ አልነሳም ብሏል፤ ሐይቁም ከዳር ከዳር መርጋት ጀምሯል። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኪኑም ደህና ናት። የላክኸውን የደረቀ ዓሣ ብቻዋን ጨርሳው ስታበቃ "አመሰግናለሁ ብለህ ጻፍልኝ" አለችኝ፤ ይኸው ጻፍኩላት።

ለጥያቄህ፦ አዎ፣ አምፕሊፋየሩ በደህና ደርሷል። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ወደ መጋዘኑ ሲያስገቡት ወገባቸው ሊቀነጠስ ነበር። አባታችን የአኩሪ አተር ስጎ በርሜሎቹን ይደረድርበት በነበረው ቦታ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል አኖርኩት። ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። በድንጋዩና በአምፕሊፋየሩ እግሮች መሀል ደግሞ አሥር የን ሳንቲሞችን አስገብቻለሁ። አትሳቅ! ማንኛውንም ሳንቲም አይደለም፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለውን የድሮውን ነው። ጠርዘ ልሙጡን ሞክሬው ድምፁን አቀጠነብኝ። ንዝረት ማለት ሌባ ነው፤ በእግር በኩል ገብቶ ሙዚቃውን ይዞብህ ይወጣል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምን ብዬ ልንገርህ! ስንት ዓመት የሰማኋቸውን ሸክላዎች እንደ አዲስ ሰማኋቸው። አንዱ ላይማ እንባዬ መጣ፤ ለኪኑ እንዳትነግር። አሁን ግን ነገሩ ተበላሽቷል። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ግራው በኩል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ቀኙ ይዘፍናል፣ ግራው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያጉረመርማል። በዚያ ላይ ከግራ በኩል "ዝዝዝ" የሚል ነገር አለ፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ በለው።

የእናቴ ልጅ፣ እንግዲህ በግልጽ ልጠይቅህ። ሁለት አምፕሊፋየር ሠርተህ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለናጎያው የጥርስ ሐኪም ሰጠህ ሲሉ ሰምቻለሁ። የተሻለው የደረሰው ለማን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። እኔ የድሮዬን ሸጬ ነው ያንተን ያስገባሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ።

ደውልልኝ እንዳትል። ስልኩን አስነቅዬዋለሁ። ደወሉ በጮኸ ቁጥር መርፌው ሸክላው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኪኑ ተቆጥታ ለሁለት ቀን ቀዝቃዛ ሾርባ አቀረበችልኝ፤ ጠጣሁት፣ አለፈ። ጻፍልኝ።

ወንድምህ ቶኩጂ


ሃካታ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1981

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እዚህ የፕለሙ ዛፍ አበባ ሊያወጣ ነው ብዬ ልኮራብዎት ስል ትናንት ውርጭ መታው። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። እጄ እንደ በፊቱ ነው፣ ያመኛል ግን ይሠራል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የናጎያውን ሐኪም ነገር ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ከፋኝ። ሁለቱም አምፕሊፋየሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ እጅ የተሠሩ ናቸው። ልዩነት ካለ ያዳላሁት ለእርስዎ ነው፤ ሐኪሙ ቢሰማ ይገድለኛል።

አሁን እንዲህ ያድርጉልኝ። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የግራውንና የቀኙን ገመድ ያቀያይሩ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ድክመቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ያን ጊዜ በራሴ ኪሣራ መጥቼ እወስደዋለሁ። እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ግን እኔ ነጻ ነኝ። ሌላም አለ፦ አምፕሊፋየሩን ያጥፉና ዝም ብለው ያድምጡ። ያ ዝንብ ያኔም አለ?

ለእግሮቹ የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ልኬልዎታለሁ። ለጊዜው ከሳንቲሞቹ ሥር ያድርጉት። ሌላም ልጽፍልዎ የጀመርኩት ነገር ነበረ፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። የሚረባ ነገር አይደለም። ለእትዬ ኪኑ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ታናሽዎ ሾሄይ


ሱዋ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1981

ለሾሄይ፤

ላስቲኩ ደርሷል፣ ተመስገን። የቀደድከው ወረቀት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው የማይረባ ነገር ጽፎ ቀደድኩ ብሎ ይነግራል? ወይ አትንገረኝ፣ ወይ አትቅደድ።

እንዳልከኝ ገመዶቹን አቀያየርኩ። ድክመቱ ንቅንቅ አላለም፣ እዚያው ግራ ላይ ተተክሎ ቀረ። ስፒከሮቹንም ራሳቸውን እያንፏቀቅኩ አቀያየርኩ፤ ወገቤ ደህና ሰንብት አለኝ። ያም ሆኖ ግራ! እንግዲህ ነጻ ነህ፤ ለጊዜው። አሁን የምጠረጥረው ግድግዳውን ነው። በግራው ግድግዳ ላይ የክረምት ፍራሾቻችንን በሙሉ ሰቅያለሁ። ኪኑ ምን እንደምትል መገመት አያቅትህም።

ዝንቡን በተመለከተ፦ አዎ፣ ካጠፋሁትም በኋላ አለ። የመጋዘኑን መብራት በሙሉ ባጠፋም አለ። ቤት ገብቼ ስተኛም አለ! እንግዲህ ከመንገዱ የመብራት ምሰሶ ነው የሚመጣው፤ ለመብራት ኃይሎች ጠንካራ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። የራሴን ምሰሶ አስተክላለሁ ብዬም አስፈራርቻቸዋለሁ፤ ካስፈለገም አደርገዋለሁ።

ሌላው ደግሞ የሚገርም ነው። ሐሙስ ሌሊት የሐይቁ በረዶ ተሰነጠቀ። ድምፁን ታስታውሰዋለህ፣ በልጅነትህ እናታችን ብብት ሥር ትገባ ነበር። ሐይቁ ከመጋዘኑ በስተግራ መሆኑንም ታውቃለህ። ታዲያ ዘንድሮ ጩኸቱ የመጣው ከቀኝ፣ ከኮረብታው ነው! በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግርህ። ኮረብታው ላይ ፍል ውኃ ፍለጋ መሬት የሚቆፍር ሰው አለ ማለት ነው፤ የመጋዘኔ ወለል የሚንቀጠቀጠውም በእሱ ነው። ጠየቅኩ፣ ማንም የለም ይላሉ። ይደብቁኛል።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ላስቲክህን ላስገባ አምፕሊፋየሩን በእንጨት እየፈለቀቅኩ ጥግ ጥጉን ሳነሳ ከሳንቲሞቹ ሁለቱ ተለውጠዋል። ጥርስ ያላቸው ሄደው ልሙጦች ገብተዋል! በራሱ የሚለወጥ ሳንቲም አይቼ አላውቅም። የመጋዘኑን ቁልፍ ያለው እኔና ኪኑ ዘንድ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ሰሞኑን ልክ አይደለችም። ከሠርጋችን ጀምሮ ስንበላ በግራዬ ነበር የምትቀመጠው፤ ዘንድሮ ተነስታ በቀኝ በኩል ተቀምጣለች። ለምን ስላት "መስኮቱ ይበርደኛል" አለችኝ። መስኮቱ ያለው በቀኝ በኩል ነው እኮ! መንገድ ስንሄድም ታልፈኝና በቀኜ ትዞራለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ "ቶፉ ልግዛ" ብላ ትወጣለች፤ ቶፉው ቤት ውስጥ ሞልቶ። ግራ የገባው ሰው ሆኛለሁ።

ቶኩጂ


ሃካታ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1981

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ባለቤቴ "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው" አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ለጥያቄዎ መልስ መስጠት እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ ስለዚህ በቀላሉ ልጀምር። ውስጡ አሸዋ የተሞላ ሰሌዳ ሠርቼልዎታለሁ፣ በባቡር ልኬዋለሁ። ከድንጋዩ በላይ ያስቀምጡት። ከወለሉ የሚመጣውን ንዝረት ይውጠዋል።

እትዬ ኪኑን ግን አይጠርጥሩ። እባክዎን። እሷን የመሰለ ሰው የለም፤ አባታችን ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት እንጂ እኔም እርስዎም አይደለንም። ቦታ ብትለውጥ ምክንያት ይኖራታል። በዚህ በረዶ መሰላል ላይ እየወጡ ጆሮዎን የመብራት ምሰሶው ላይ መለጠፉንም ይተዉት፤ ወድቀው ቢሰበሩ ማን ያነሳዎታል?

በቅርቡ ጉንፋን ይዞዎት ነበር እንዴ? ለደም ግፊትዎ ማትሱሞቶ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ እግረ መንገድዎን እዚያው ሌላ ሌላውንም ቢታዩ ጥሩ ነበር። ያው በዕድሜያችን ማለቴ ነው። እስኪሻልዎ ሙዚቃውን ረፍት ይስጡት። ማለቴ፣ እስኪስተካከል።

ታናሽዎ ሾሄይ


ሱዋ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1981

ሾሄይ፤

የአሸዋ ሰሌዳህ ደርሷል። ሳጥኑን አልከፈትኩትም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መሰላል ላይ መውጣቴን ማን ነገረህ? እኔ አልጻፍኩልህም። ደብዳቤዎቼን ስጽፍ ግልባጭ አስቀራለሁ፣ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። መሰላል የሚባል ቃል የለባቸውም። ምሰሶው ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከታች ቆሞ መሰላሉን የያዘው። ኪኑ!

ቀጥሎ ምን እንዳደረግኩ ጠይቀኝ። ወደ ትምባሆ ሻጯ አሮጊት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ የሕዝብ ስልክ አለ። አሮጊቷ ወሬ ካገኘች ትምባሆዋን በነጻ የምትሰጥ ሴት ናት። "ውይ፣ ጌታዬ አያውቁም እንዴ? እመቤት ኪኑ ማታ ማታ ትመጣለች እኮ! ሳንቲሙን ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ታጎርሰዋለች። ሩቅ አገር መሆን አለበት። እያለቀሰችም ታወራለች" አለችኝ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሳንቲሟ ሲያልቅባት እንደ እኔው በእንጨት እየፈለቀቀች ከአምፕሊፋየሬ ሥር ነው የምትወስደው! በማግሥቱ ልሙጡን ትመልሳለች። ይታይህ፣ የእኔን ድምፅ አበላሽታ ካንተ ጋር ታወራለች።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። "ከሾሄይ ጋር ነው የማወራው" አለች፣ አልካደችም። ስለ ምን? ብዬ ጮህኩባት። እሷም የሆነ ነገር አለች፣ አልተሰማኝም፤ ድገሚው ስላት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ ለእኔ የማይነገር፣ ላንተ የሚነገር ምን አላት? ትናንት ሻንጣዋን ይዛ ኦካያ፣ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። አላስቀረኋትም።

ሩዝ ማብሰል አልችልም። የእሷን ያህል የታመነ ሰው አልነበረኝም፣ ካንተ በቀር። አሁን ሁለታችሁም አንድ ላይ ናችሁ። ምን እየሸረባችሁ እንደሆነ በቀጥታ ጻፍልኝ። ሌላ ላስቲክ እንዳትልክ።

ቶኩጂ


ሃካታ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1981

ወንድም ጋሼ፤

ዛሬ ስለ አየሩ አልጽፍም።

አዎ፣ እትዬ ኪኑ ትደውልልኛለች። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ። የምታወራው ስለ እርስዎ ብቻ ነው፤ ከእርስዎ በቀር ሌላ ወሬ ኖሯት አያውቅም። ቶፉ ልግዛ እያለች መዋሸቷ ያሳፍራታል፤ ከምታለቅሰው ልቅሶ ግማሹ ለሱ ነው። ያሰቡትን ነገር ካሰቡ፣ በአባታችን አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ያውጡት። አንባቢው እኔ ስሆን እንኳን ያሳፍራል።

የምታወራውን ነገር ብጽፍልዎ አያምኑኝም። ሰው የነገረዎትን አምነው አያውቁም፤ ፈትነው ያዩትን ብቻ ነው። ስለዚህ ይፈትኑት። ሁሉንም ነገር አቀያይረዋል፣ ገመዱን፣ ስፒከሩን፣ ግድግዳውን። አንድ ያላዞሩት ነገር ቀርቷል፤ ወንበርዎን።

ወንበሩን አዙረው ጀርባዎን ለስፒከሮቹ ሰጥተው ይቀመጡ። የግራው ስፒከር ያን ጊዜ በቀኝዎ በኩል ይሆናል። የሚያውቁትን ሸክላ ያጫውቱ። የደከመው ያው ስፒከር ከሆነ ስፒከሩ ነው፣ ወይም ወለሉ፣ ወይም ያ በኮረብታው ላይ የሚቆፍረው ሰው፤ መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። የደከመው ሌላኛው ከሆነ ግን፣ ጋሼ፣ በዚያው ቀን ባቡር ይሳፈሩ። ማትሱሞቶ። የደም ግፊቱን ክፍል ይለፉትና በሚቀጥለው በር ይግቡ።

ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሬን ባነሳሁ ቁጥር እጄ ላስቲክ ይቆርጥ ነበር።

ሾሄይ


ሱዋ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1981

ሾሄይ፤

አዞርኩት።

የሦስቱን ሰዎች ሸክላ ነው ያጫወትኩት፤ ፒያኖ፣ ከበሮና ቤዝ ያለበትን። ላለፈው አንድ ወር ከብርድ ልብስ ሥር ሲያጉረመርም የነበረው ቤዝ በቀኜ ሆኖ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ደህና የነበረው ከበሮ በግራዬ ሆኖ ሸሸ።

ወንበሩን መለስኩት። እንደገና አዞርኩት። ደጋግሜ ሳዞር እግሩ ተሰበረ።

ያ የሐይቁ ጩኸትም ከኮረብታው አልነበረም ማለት ነው። ቁፋሮ የለ፣ ቆፋሪ የለ። መብራት ኃይሎችን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ነገ ባቡር እሳፈራለሁ። ኪኑ ኦካያ ናት፤ ባቡሩ በዚያው ነው የሚያልፈው። ምን ብዬ ልውረድ?

ቶኩጂ


ሱዋ፣ ማርች 12 ቀን 1981

ሾሄይ፤

ቴሌግራሞችህ ደርሰውኛል፣ ሦስቱም። "መልስ ይስጡኝ" ላልከው፣ ይኸው።

ኦካያ ወረድኩ። የእህቷ ደጃፍ ቆሜ ምን እንደምል ስፈልግ ኪኑ በሩን ከፍታ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። ካፖርቷን ደርባ ወጣችና መንገዱን ተሻግራ በቀኜ በኩል መጣች። ያኔ ገባኝ። እኔ ትሸሸኛለች ያልኩት ሁሉ እሷ ልሰማት ወደምችልበት ስትመጣ ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የኦካያ ሰው ሁሉ አየኝ፣ ይየኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ያውቃል። የጆሮዬ ነርቭ ነው አለ፤ ድንገት የሚመታ ነገር ነው፣ ምክንያቱ በውል አይታወቅም። መድኃኒት አስጀመረኝ፣ አስተኛኝ። ዝንቡ ትንሽ ቀንሷል፤ ግራ ጆሮዬ ግን አልተመለሰም። አይመለስም። "በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጥተው ቢሆን ኖሮ ልንይዘው እንችል ይሆናል" አለኝ። ይህን ሲናገር ኪኑ እጄን ይዛ ነበር፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ ጨመቀችው።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ተናድጃለሁ። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር! ከጀርባዬ የሚሸረብ ነገር ነበር፣ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንተ ምን ላክህልኝ? ላስቲክ። ጆሮዬ እየሞተ አንተ ለአምፕሊፋየሩ ጫማ ትሠራለህ። አንዲት ቃል ብትልክልኝ ምን ነበረበት?

ኪኑንም ጠየቅኳት፤ ለምን ለኔው ለራሴ አልነገርሽኝም አልኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? "ነግሬሃለሁ። ገና የጀመረህ ሰሞን፣ እራት ላይ፣ ሐኪም እንሂድ ብዬ ለምኜሃለሁ። ዝም አልከኝ። ተቆጣ ብዬ ፈራሁ፣ ደግሜ አልተናገርኩም።" በየት በኩል ተቀምጠሽ ነበር አልኳት። "በቦታዬ" አለች።

በቦታዋ ማለት በግራዬ።

ለእሷ ምን እላታለሁ? ላንተ ግን እላለሁ። ለጊዜው አትጻፍልኝ።

ቶኩጂ


ሃካታ፣ ማርች 20 ቀን 1981

ወንድም ጋሼ፤

አትጻፍ ብለውኛል፣ እየጻፍኩ ነው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌ አየሁት፤ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ይሆናል።

ለምን ዝም አልክ ላሉኝ መልሱ አጭር ነው። ፈራሁ። እርስዎ ማለት ለእኔ ጆሮ ማለት ነዎት። የሠራሁትን ሁሉ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚሉኝ እርስዎ ነዎት። ጆሮዎ ከሚታመም ሥራዬ ቢበላሽ መረጥኩ። አምፕሊፋየሩ ይሁን፣ በሆነ ተአምር የእኔ ጥፋት ይሁን እያልኩ ጠበቅኩ። እትዬ ኪኑ በስልክ "ንገረው፣ አንተን ይሰማሃል" ስትለኝ "እሺ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ" እላት ነበር። በሚቀጥለው ደብዳቤ።

አንድ ነገር ልሥራልዎ፤ ሌላ የምችለው የለም። ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ አቀላቅሎ በአንድ ስፒከር የሚያወጣ አምፕሊፋየር እሠራለሁ። ሁሉም በቀኝዎ በኩል ይመጣል። ከሙዚቃው የሚጎድልብዎ ነገር አይኖርም። እሺ ካሉ ብቻ።

ሾሄይ


ሱዋ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1981

ይድረስ ለወንድሜ ለሾሄይ፤

ቼሪው እዚህ ገና እምቡጥ ነው፤ እናንተ ዘንድ ረግፎ ተጠርጎም ይሆናል። እኔ ከሞላ ጎደል ደህና ነኝ። ደረጃ ስወርድ ትንሽ ያንገዳግደኛል። ኪኑ ደህና ናት፣ እየወፈረች ነው፣ እንዳትነግራት።

ቁጣዬ አልቋል አልልህም። ጠዋት ጠዋት ይነሳብኛል፤ ጢሜን ስላጭ። ከቁርስ በኋላ ግን ወንድሜ ነህ።

ለሐሳብህ መልሴ እምቢ ነው። አንዱን ስፒከር አላነሳም። አምፕሊፋየርህም እንዳለ ይቀመጣል፤ ከሰው እጅ የወጣ የዚህን ያህል ጥሩ ነገር አልሰማሁም። ይህን ከጃንዋሪ ጀምሮ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፤ በጥርጣሬ ተጠምጄ ሳልጽፈው ቀረሁ።

ያደረግነው እንዲህ ነው። ኪኑ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ሙዚቃ ሰምታ አታውቅም ነበር። ገብታ የምታውቀው አቧራ ልትጠርግ ነው፤ እኔም "ቀስ ብለሽ እርገጪ፣ ወለሉ ይነቃነቃል" እያልኩ አሳቅቃት ነበር። አሁን ሁለተኛ ወንበር አስገብተናል። እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ እንቀመጣለን። ሸክላው ሲዞር እጄ ላይ እየጻፈች፣ አንዳንዴም ተነስታ በኋላዬ ዞራ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ በግራ በኩል ያለውን ትነግረኛለች። የመሣሪያዎቹን ስም አታውቅም። "አሁን ያ ትልቁ ወረደ" ትላለች። "አሁን ዝም አለ፣ የሚያስብ ይመስላል።" "አሁን ወደዚያኛው መጣ፣ ሊጣሉ ነው።" መጀመሪያ ላይ ደሜ ፈላ፤ ቤዝ ነው የሚባለው፣ መጣላት አይደለም፣ መመላለስ ነው እያልኩ አርማት ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

ነገር ግን የጠርጣራ ነገር ታውቃለህ። የምትነግረኝን የማመሳክርበት መንገድ የለኝም። ያለችውን አለ ብዬ መቀበል ነው። ለእኔ ለቶኩጂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ የሐኪም ማዘዣ እንኳ በሁለት ፋርማሲ የማስነብብ ሰው ነኝ።

ትናንት የሦስቱን ሰዎች ሸክላ አጫወትን። መጨረሻው ላይ ሊያልቅ ሲል ኪኑ ዞራ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ አለችና "ያ ትልቁን የሚጫወተው ሰውዬ ሳቀ" አለችኝ።

ማን ሳቀ? አልኳት።

"በግራ በኩል ያለው። ቀስ ብሎ ነው፣ በአፍንጫው። ደስ ብሎት መሰለኝ።"

ሾሄይ፣ ያንን ሸክላ ሁለት ጆሮ ሳለኝ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ይወቅ። መርፌው የት ላይ ጭረት እንደሚያገኝ አውቃለሁ። ማንም ሲስቅበት ሰምቼ አላውቅም። ፊቷን አየሁት። አልሳቀችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ወይ እኔ እንከን ስፈልግ የሰውየውን ሳቅ አሳልፌዋለሁ፤ ወይም ኪኑ ደስ እንዲለኝ ብላ ፈጥራዋለች። ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩበት። ጠዋት ደግሜ አጫውቼ "አሁንስ?" አልኳት። "አሁንም ሳቀ" አለች።

ያ ሸክላ አንተም ዘንድ አለ። ሁለተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው ዜማ ሊያልቅ ሲል፣ በግራ በኩል። ልጆቹን ዝም አሰኝተህ በደንብ አድምጠው።

መልሱን ግን እንዳትጽፍልኝ።

ወንድምህ ቶኩጂ